ምላጭና ማኅተም፦ የፀጉር ሥራ ፈቃድ የቅጣት ታሪክ

በአሜሪካ ውስጥ በየትኛውም ፀጉር ቤት ግድግዳ ላይ፣ ከመስታወቱ አጠገብ፣ በክፈፍ የገባ አንድ ወረቀት ተሰቅሎ ይታያል። ደንበኛው ብዙ ጊዜ አያነበውም። ለባለሙያው ግን ያ ወረቀት የቤት ኪራይ ነው፤ የልጆች ትምህርት ነው፤ በየወሩ ለአገር ቤት የሚላክ ገንዘብ ነው። ወረቀቱን የሰጠው መንግሥት መልሶ ሊያግደው፣ በገደብ ሊያደርገው፣ ጨርሶም ሊሰርዘው ይችላል። በየከተማው ሳሎን ከፍተው ወይም ወንበር ተከራይተው ለሚሠሩ በርካታ ወገኖቻችን ይህ ሥልጣን የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው። ሆኖም ከየት እንደ መጣ፣ ለማን ተብሎ እንደ ተደነገገና በማን ላይ ሲሠራበት እንደ ኖረ ብዙም አይነገርም።

የፈቃድ ቅጣት ታሪክ ሁለት ገጽ አለው። አንዱ ገጽ የጤና ታሪክ ነው፤ ባልጸዳ ምላጭና ባልታጠበ ገንዳ የታመሙ ሰዎችን ይመለከታል። ሁለተኛው ገጽ የበር ጠባቂነት ታሪክ ነው፤ ሙያው ውስጥ ቀድመው የገቡት ኋላ የመጡትን፣ ኃይል ያላቸው ኃይል የሌላቸውን የገፉበት ነው። ሁለቱ በአንድ ሕግ ውስጥ ተጣምረው ስለ ኖሩ አንዱን ብቻ ያነበበ ሰው ይሳሳታል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከማኅበር ወደ ቦርድ

ባለሙያ ባለሙያን የሚቀጣበት ሥርዓት ከአሜሪካ በፊት የነበረ ነው። በ1540 በእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ዘመን የወጣ ሕግ የለንደንን ፀጉር አስተካካዮችና ቀዶ ሐኪሞች በአንድ ማኅበር አዋሐደ። ሕጉ የሥራ ድንበርም አሰመረ፦ ፀጉር አስተካካዩ ጥርስ ከመንቀል በቀር ቀዶ ሕክምና እንዳይሠራ፣ ቀዶ ሐኪሙም ጢም እንዳይላጭ ከለከለ። ማኅበሩ ድንበሩን የጣሰውን ይቀጣ ነበር። ሁለቱ ሙያዎች በ1745 ቢለያዩም ሐሳቡ አልሞተም። ከሐሳቡ ጋር ግን አንድ ጥያቄ አብሮ ተሻገረ፦ የማኅበሩ አባል የሆነ ዳኛ ከማኅበሩ ውጭ ያለውን ሲቀጣ የሚጠብቀው የሕዝቡን ጤና ነው ወይስ የራሱን ገበያ?

በአሜሪካ ለፀጉር አስተካካዮች የመጀመሪያውን የፈቃድ ሕግ ያወጣችው ሚኒሶታ ስትሆን ዓመቱም 1897 ነው። ከዚያ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1887፣ የተቀጣሪ ፀጉር አስተካካዮች ዓለም አቀፍ ማኅበር ተመሥርቶ ነበር፤ በየክፍለ ግዛቱ ለፈቃድ ሕግ ዋነኛ ተሟጋች የሆነውም ይኸው ማኅበር ነው። ክርክሩ ባዶ አልነበረም። ጊዜው የጀርሞች ሳይንስ ሕዝብ ዘንድ የደረሰበት ነበር፤ አንድ ፎጣ ለብዙ ፊት፣ አንድ ብሩሽ ለብዙ ጢም ሲያገለግል የቆዳ በሽታ ከሰው ወደ ሰው እንደሚተላለፍ ታውቋል። የሚኒሶታ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1900 ሕጉን አጸናው።

ይሁን እንጂ ሕጉን የፈለጉት ሰዎች የገበያ ሥጋትም ነበረባቸው። ኪንግ ጂሌት ለደኅንነት ምላጩ በ1904 የፈጠራ መብት ካገኘ ወዲህ ወንዶች በገዛ ቤታቸው መላጨት ጀመሩ። ገቢው ሲጠብ የሙያተኛውን ቁጥር የመገደብ ፍላጎት በረታ። ፈተናውን የሚያወጣው፣ ፈቃዱን የሚሰጠውና ጥፋተኛውን የሚቀጣው ቦርድ ደግሞ በአብዛኛው ከባለሙያዎቹ መካከል የሚሾም ነበር። የለንደኑ ማኅበር ጥያቄ በመንግሥት ማኅተም ተሸፍኖ ቀጠለ።

በሩ የተዘጋባቸው

ይህን በር ጠባቂነት በግልጽ ለማየት ወደ ደቡብ አሜሪካ ክፍለ ግዛቶች መሄድ ያስፈልጋል። በ19ኛው ምዕተ ዓመት በዚያ አገር ጥሩ ጥሩ የሚባሉትን ፀጉር ቤቶች የያዙት አብዛኞቹ ጥቁሮች ነበሩ። አሎንዞ ሄርንደን በ1858 በጆርጂያ በባርነት ተወለደ፤ ነፃነት ከመጣ በኋላ ፀጉር አስተካካይነትን ተማረና በአትላንታ እጅግ ያጌጠውን፣ ክሪስታል ፓላስ የተባለውን ፀጉር ቤት እስከ ማቆም ደረሰ። ከዚህ ሥራ ባገኘው ሀብት በ1905 የመሠረተው የሕይወት ኢንሹራንስ ኩባንያ ከአገሪቱ ታላላቅ የጥቁሮች ድርጅቶች አንዱ ሆነ። በሰሜን ካሮላይና ዱራም ከተማ የጆን መሪክ ታሪክ ተመሳሳይ ነው፤ እርሱም በባርነት ተወልዶ፣ ፀጉር ቤቶች ከፍቶ፣ በ1898 ኖርዝ ካሮላይና ሚዩችዋል የተባለውን የኢንሹራንስ ኩባንያ ከመሠረቱት አንዱ ነበረ። መቀስና ምላጭ ለነዚህ ሰዎች ባንክ ሊያበድራቸው ያልፈቀደውን ካፒታል ሰጡ።

ይህ የሀብት መንገድ ተቃዋሚ አላጣም። በ1906ቱ የአትላንታ የዘር ሁከት የሄርንደን ቤት ተጎዳ። ሃያ ዓመት ቆይቶ ጥቃቱ የሕግ ልብስ ለበሰ፦ በ1926 የአትላንታ ከተማ ምክር ቤት ጥቁር ፀጉር አስተካካዮች ነጭ ሴቶችንና ከ14 ዓመት በታች የሆኑ ነጭ ሕፃናትን እንዳያገለግሉ የሚከለክል ደንብ አወጣ። አጭር ፀጉር የሴቶች ፋሽን በሆነበትና ሴቶች ወደ ፀጉር አስተካካይ በጎረፉበት ዘመን ይህ ደንብ የገበያውን ትልቅ ክፍል ከጥቁሮች እጅ የሚቀማ ነበር። የጆርጂያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1927 ደንቡን ውድቅ አደረገው።

የአትላንታው ደንብ የዘር አድልዎውን በግልጽ ስለ ጻፈው ወደቀ። የፈቃድ ሕግ ግን ዘርን መጥቀስ አያስፈልገውም። የጽሑፍ ፈተና፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የሥልጠና ሰዓት ብዛት፣ የቃል ፈተናውን የሚሰጠው መርማሪ ማንነት፣ ሁሉም ተደምረው ያንኑ ሥራ ሊሠሩ ይችላሉ። የታሪክ ምሁሩ ኩዊንሲ ሚልስ ስለ ጥቁር ፀጉር አስተካካዮች በ2013 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፣ ብዙ ጥቁር ባለሙያዎች የፈቃድ ሕግን በሥጋት ይመለከቱት የነበረው ንጽሕናን ስለ ጠሉ አልነበረም፤ ብዕሩን የሚይዘው ማን እንደሆነ ስላወቁ ነው።

የዋትሰንቪል እግሮች

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ መደምደሚያው ቀላል ይሆን ነበር፤ ፈቃድ የጨቋኝ መሣሪያ ነው፣ ይፍረስ ማለት ብቻ ነው። በ2000 ዓመት በካሊፎርኒያ ዋትሰንቪል አካባቢ የሆነው ነገር ግን ሌላውን ገጽ ይገልጣል።

በአንድ የጥፍር ሳሎን እግራቸውን የታጠቡ ከመቶ በላይ ደንበኞች እባጭና ቁስል በእግራቸው ላይ ወጣ። ቁስሉ ለወራት የሚቆይ፣ በተለመደ መድኃኒት በቀላሉ የማይድን ነበር። የጤና መርማሪዎች ሲፈትሹ መንስኤው ማይኮባክቴሪየም ፎርቱይተም የተባለ፣ በውኃ ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ሆኖ ተገኘ። ውኃው በሚዞርባቸው የእግር ገንዳዎች ውስጥ ካለው የመምጠጫ ወንፊት ጀርባ የደንበኞች ፀጉርና የቆዳ ፍርፋሪ ተጠራቅሞ ነበር፤ በሳሎኑ ያሉት አሥሩም ገንዳዎች ተበክለው ተገኙ። ከመታጠባቸው በፊት እግራቸውን የተላጩ ሴቶች ለበሽታው ይበልጥ ተጋልጠዋል።

እዚህ ላይ ደንበኛዋ ራሷን መጠበቅ የምትችልበት መንገድ አልነበረም። የፀጉር አቆራረጥ ቢበላሽ በመስታወት ይታያል፤ ፀጉሩም መልሶ ያድጋል። ከወንፊት ጀርባ ያለ ባክቴሪያ ግን አይታይም። ከዚያ ወዲህ ካሊፎርኒያ የእግር ገንዳዎች በየደንበኛው፣ በየቀኑና በየሳምንቱ እንዴት እንደሚጸዱ የሚያዝዝና ጽዳቱ በመዝገብ እንዲሰፍር የሚያስገድድ ደንብ አወጣች። ዛሬ ተቆጣጣሪ ሳሎን ገብቶ መጀመሪያ የጽዳት መዝገቡን ሲጠይቅ፣ ጥያቄው ለማዋከብ የተፈጠረ የሚመስለው ባለሙያ ካለ ይህን ታሪክ ቢያውቀው መልካም ነው። ያ መዝገብ የተወለደው ከሰው ቁስል ነው።

ሹሩባና ሕጉ

በዋትሰንቪል ቅጣቱና ጉዳቱ ፊት ለፊት ተገናኝተዋል። የፀጉር ጉንጉን ጉዳይ ደግሞ ቅጣት ያለ ጉዳት ምን እንደሚመስል ያሳያል፤ ለእኛም ቅርብ ነው። ሹሩባ በትምህርት ቤት የሚማሩት ሙያ አይደለም። ልጅ በእናቷ ጉልበት መካከል ተቀምጣ ተሠርታ፣ ከዚያም ሠርታ የምታውቀው ነው። በአጼ ቴዎድሮስ ሥዕሎች ላይ የምናየው ጉንጉን የየትኛውም ቦርድ ማኅተም አልነበረበትም። ከሴኔጋል፣ ከሴራሊዮን፣ ከኢትዮጵያም ወደ አሜሪካ የገቡ ሴቶች ይዘውት የመጡት ሙያ ይህ ነው።

ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በዋሽንግተን ዲሲ ፓሜላ ፌሬልና ታሊብዲን ኡቅዳ የተባሉ ባልና ሚስት የጉንጉን ሳሎን ነበራቸው። የከተማው የውበት ሥራ ቦርድ የውበት ባለሙያ ፈቃድ ሳይኖራችሁ ትሠራላችሁ ብሎ ከሰሳቸው። ፈቃዱን ለማግኘት የሚጠየቀው ረጅም ሥልጠና በኬሚካል ፀጉር ማለስለስን፣ ማቅለምንና የመሳሰለውን የሚያስተምር ነው፤ እነርሱ ግን ኬሚካል የሚባል ነገር አይነኩም ነበር። ጉዳዩን ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ወሰዱት፤ በ1992 ተሸነፉ። በፍርድ ቤት የተነፈጋቸውን ግን በሕዝብ ፊት አገኙት፦ በዚያው ዓመት መጨረሻ የከተማው ምክር ቤት ሕጉን ለወጠ።

በቴክሳስ ትግሉ ይበልጥ ረዘመ። አይሲስ ብራንትሊ በ1997 በዳላስ ያለ ፈቃድ ፀጉር ጎነጎንሽ ተብላ ታሰረች። ክፍለ ግዛቱ በ2007 የ35 ሰዓት ልዩ የጉንጉን ፈቃድ ፈጠረ። ብራንትሊ ይህንኑ የ35 ሰዓት ትምህርት ልስጥ ስትል ግን ሕጉ ትምህርት ቤቷ እንደ ፀጉር አስተካካዮች ኮሌጅ እንዲሆን ጠየቃት፤ ቢያንስ 2,000 ካሬ ጫማ ስፋት፣ አሥር የፀጉር አስተካካይ ወንበሮች፣ የመታጠቢያ ገንዳዎችም እንዲኖሩት፤ ጉንጉን ወንበሩንም ገንዳውንም የማይፈልግ ሥራ ሆኖ ሳለ። በጥር 2015 የፌዴራል ዳኛ መስፈርቱ ምክንያት የለሽ ነው ብሎ ሻረው፤ በዚያው ዓመት ቴክሳስ የጉንጉን ፈቃድን ጨርሶ አስቀረች። በዩታም ከሴራሊዮን የመጣችው ጀስቲና ክሌይተን በ2012 በፌዴራል ፍርድ ቤት ተመሳሳይ ድል አግኝታለች።

ፍርድ ቤቶች ሁሉ ግን አንድ ዓይነት መልስ አልሰጡም። የዲሲው ዳኛ ሕጉን አጽንቷል፤ በ2018 በሚዙሪ ጉዳይ የስምንተኛው ወረዳ የይግባኝ ፍርድ ቤትም ለመንግሥት ፈርዷል፤ ሕጉን የቀየረው ከዚያ በኋላ የክፍለ ግዛቱ ሕግ አውጪ ነው። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፣ አንድ ሕግ ምክንያት የለሽ መሆኑ በራሱ እንደማይሽረው ነው። የሚሻረው ሰው ሲናገርበት ነው፤ በፍርድ ቤት ባይሆን በምክር ቤት።

ምልክት የሆነች አንዲት ቅዳሜ

ፈቃድ ያላቸውስ? ነሐሴ 21 ቀን 2010 በፍሎሪዳ ኦርላንዶ አካባቢ የሆነው ፈቃድ ብቻውን ጋሻ እንዳልሆነ አስተማረ። ዕለቱ ቅዳሜ ነበር፤ ፀጉር ቤቱም በደንበኞች ተሞልቶ ነበር። ከሁለት ቀን በፊት የክፍለ ግዛቱ ተቆጣጣሪ ቤቱን ፈትሾ ምንም ጥፋት አላገኘም። በዚያች ቅዳሜ ግን የካውንቲው ፖሊሶች ከተቆጣጣሪው ጋር ተመልሰው መጡ፤ ጥይት መከላከያ ለብሰው፣ አንዳንዶቹም ፊታቸውን ሸፍነው። ደንበኞቹን አስወጡ፤ ባለሙያዎቹን በካቴና አሰሩ። ፈቃዶቹ ሲመረመሩ የጸኑ ሆነው ተገኙ። በዘመቻው የተመረጡት ቤቶች በብዛት ጥቁሮችንና ላቲኖዎችን የሚያገለግሉ ነበሩ።

የእኛ ሰው «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላል። የአሥራ አንደኛው ወረዳ የይግባኝ ፍርድ ቤት በ2014 የሰጠው ውሳኔም በሕግ ቋንቋ ከዚህ የራቀ አልነበረም፦ የፈቃድ ቁጥጥር ለወንጀል ፍተሻ ሽፋን ሊሆን አይችልም፤ ያለ ማዘዣ እንዲህ ያለ ወረራ ማካሄድ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል፤ ፖሊሶቹም ከግል ተጠያቂነት አያመልጡም። ያው ፍርድ ቤት ይህንኑ በ1995 እና በ2007 ተናግሮ ነበር፤ የ2007ቱ ፍርድ ደግሞ የዚያው ካውንቲ ፖሊሶችን የተመለከተ ነበር። መብት በወረቀት መኖሩና በፀጉር ቤት ወለል ላይ መከበሩ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

የመሰማት መብት

ጤናን የሚጠብቀውን ቅጣት ከበር ጠባቂው ቅጣት የሚለየው ታዲያ ምንድን ነው? ሁለቱም የሚወጡት ከአንድ ቦርድ፣ በአንድ ማኅተም ነው። የሚለያቸው የአሠራሩ ሥርዓት ነው፤ ሥርዓቱም የተገነባው ፈቃዳቸውን የተነጠቁ ተራ ሰዎች ባነሷቸው ክርክሮች ነው።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1889 የሐኪሞችን ፈቃድ ሲያጸና መንግሥት ሙያን የመቆጣጠር ሥልጣን እንዳለው አረጋገጠ። በ1971 ደግሞ አንድ የጆርጂያ ካህን በመንጃ ፈቃዱ ጉዳይ ባቀረበው ክርክር፣ ፈቃድ አንዴ ከተሰጠ የሰው መተዳደሪያ ሊሆን ስለሚችል ሳይሰሙት መንጠቅ እንደማይቻል ፈረደ። በ1973 የአላባማ የዓይን መነጽር ባለሙያዎች ቦርድ ተወዳዳሪዎቹን ሊቀጣ ሲነሣ፣ ከቅጣቱ ገንዘብ የሚያገኝ ሰው ዳኛ ሊሆን አይገባም ተባለ። በ1979 በፈረስ አሰልጣኝ ጉዳይ፣ አስቸኳይ እገዳ የሚፈቀድ ቢሆንም ባለፈቃዱ ሳይዘገይ መሰማት አለበት ተብሎ ተወሰነ።

በ2015 የተሰጠው ፍርድ ደግሞ የውበት ሳሎንን በቀጥታ ይነካል። የሰሜን ካሮላይና የጥርስ ሐኪሞች ቦርድ፣ አባላቱ በአብዛኛው ራሳቸው ጥርስ እያነጡ ገንዘብ የሚያገኙ ሐኪሞች ሆነው ሳሉ፣ በርካሽ ጥርስ የሚያነጡትን ሰዎች በማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አባረራቸው፤ የክፍለ ግዛቱ የውበት ሥራ ቦርድም ባለፈቃዶቹን እንዲያስጠነቅቅ አደረገ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ በገበያው ውስጥ ያሉ ነጋዴዎች የሚመሩት ቦርድ የመንግሥት ንቁ ክትትል ከሌለበት ከፀረ ሞኖፖሊ ሕግ አያመልጥም አለ። የለንደኑ ማኅበር ጥያቄ ከ475 ዓመት በኋላ መልስ አገኘ።

በሌላ አቅጣጫ ደግሞ የቅጣቱ ምክንያት ከጤና እየራቀ ሄዷል። በ1996 የወጣው የፌዴራል ሕግ የልጅ ማሳደጊያ ዕዳ ያልከፈሉ ሰዎችን የሙያ ፈቃድ የሚያሳግድ አሠራር በየክፍለ ግዛቱ እንዲኖር አስገደደ። አንዳንድ ክፍለ ግዛቶች የትምህርት ብድር ላልከፈለም ይህንኑ አደረጉ፤ ቴክሳስ ይህን በ2019 አንሥታለች። ዕዳ መከፈል ያለበት መሆኑ አያከራክርም። ባለዕዳውን ገንዘብ ከሚያገኝበት መቀስ መለየት ዕዳውን እንዴት እንደሚያስከፍል ግን ሊያከራክር ይገባል።

ከአሜሪካ ባሻገር

ሌሎች አገሮች ሌላ መንገድ መርጠዋል። ብሪታንያ በ1964 ያወጣችው የፀጉር ሠሪዎች ምዝገባ ሕግ በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ ነው። በጀርመን በተቃራኒው ፀጉር ቤት ለመክፈት በመርሕ ደረጃ የማስተርነት ማዕረግ ያስፈልጋል። የሚያስገርመው፣ አሜሪካ ራሷ በያዘችው የጀርመን ክፍል በ1949 መጀመሪያ ይህን ግዴታ አንሥታ የሥራ ነፃነት አውጃ ነበር፤ በዚያው ጊዜ በገዛ አገሯ ፀጉር አስተካካዮች ያለ ፈቃድ እንዳይሠሩ በየክፍለ ግዛቱ ይከለከሉ ነበር። ጀርመኖች በ1953 ግዴታውን መለሱት። አላባማ በ1983 የፀጉር አስተካካዮችን ፈቃድ አስቀርታ በ2013 መልሳ አመጣችው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ ሠራተኛዋ የምትኖርበት ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ፣ የቤቱ መዘጋት ሥራን ብቻ ሳይሆን በአገሩ የመቆየት መብትንም ይነካል። በዚያ የባለቤቱ ጥፋት ቅጣት በሠራተኛዋ ላይ ይወድቃል።

ዝምታ ወርቅ ያልሆነበት ቦታ

የዚህ ሁሉ ታሪክ ፍሬ በአንድ ፖስታ ውስጥ ተጠቃሎ ይገኛል። በካሊፎርኒያ ለምሳሌ ተቆጣጣሪ የሚሰጠው የገንዘብ ቅጣት በ30 ቀን ውስጥ ይግባኝ ሊባልበት ይችላል። ፈቃድን ለማገድ ወይም ለመሰረዝ መደበኛ ክስ ከቀረበ ደግሞ ባለፈቃዱ ክሱ በደረሰው በ15 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። መልስ ከሰጠ ጉዳዩ በአስተዳደር ሕግ ዳኛ ፊት ይሰማል፤ ማስረጃ ያቀርባል፤ ምስክር ይጠይቃል፤ ከስረዛ ይልቅ በገደብ ሥራውን የሚቀጥልበት ስምምነትም ሊያገኝ ይችላል። ካልመለሰ በሌለበት ይወሰንበታል። ደብዳቤው የሚላከው ቦርዱ በመዝገቡ ወደ ያዘው አድራሻ ነው፤ ቤት ቀይሮ አድራሻውን ያላሳወቀ ሰው ክሱን ሳያይ ፈቃዱን ሊያጣ ይችላል።

በዚያው ክፍለ ግዛት የፈቃድ ፈተናው ከእንግሊዝኛ ሌላ እንደ ስፓኒሽ፣ ቬትናምኛና ኮሪያኛ ባሉ ቋንቋዎች ይሰጣል፤ አማርኛ ግን ከእነዚህ ውስጥ የለም። ስለዚህ እንግሊዝኛው የከበዳት እናት የመንግሥት ፖስታ ሲመጣ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣ ነገሩ በራሱ እንዲበርድ ብትጠብቅ አይገርምም። ባደግንበት ባህል ከሹም ጋር አለመከራከር ጨዋነት ነው፤ ዝምታም ወርቅ ነው። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ግን ዝምታ የመሰማትን መብት እንደ መተው ይቆጠራል። ሄርንደን ባለፈበት ዘመን በር የተዘጋበት ሰው የሚናገርበት መድረክ ጠባብ ነበር። ዛሬ መድረኩ አለ፤ ካህኑ፣ የፈረስ አሰልጣኙና ፀጉር ጎንጓኟ ተከራክረው ያገኙት ነው። ልጆቻችንና እንግሊዝኛ የሚያነቡ ጎረቤቶቻችን ያንን ፖስታ በደረሰበት ቀን ከፍተው ሊያነቡላት፣ የቀኑንም ቁጥር በቀን መቁጠሪያው ላይ ሊያሰፍሩላት ይችላሉ። የእግር ገንዳውን መዝገብ በየቀኑ መሙላትና ለክሱ በ15 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት፣ አንዱ ለደንበኛው ሌላው ለራስ የሚከፈል የዚያው ፈቃድ ዕዳ ነው።